ለአዋላጅ ነርሶችና ሐኪሞች ኅብረታችን አባላት በሙሉ

የተከበራችሁ አባላት፣

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ በሚገኘው ቢሮአችን በምናደርገው ስብሰባ፣ በግጭት ሳቢያ መንገዳቸው በተቆራረጠ ወረዳዎች የሚወልዱ እናቶችን በምን መልክ እንደምናግዝ እንወስናለን። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ አምቡላንስ እስኪመጣ ጊዜ አይሰጥም፤ በየኬላው መቆም ሲጨመርበትማ ሆስፒታል መድረሱ ራሱ ያጠራጥራል። ይህን የደም መፍሰስ ለመከላከል የሚሰጠው ኦክሲቶሲን የተባለ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት፣ መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ የቆየው የመድኃኒቱ ብልቃጥ ለዓይን ምንም ሳይለወጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ገንዘባችን በቅድሚያ ለሶላር ማቀዝቀዣና ተመሳሳይ ሥራ ላለውና ሙቀት ለሚቋቋመው ካርቤቶሲን ለተባለው መድኃኒት ቢውል እመርጣለሁ (ባነርና ቲሸርቱ ይቆየን)። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናት ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቀፍ ማሽን አይጠይቅም፤ ሥልጠና ግን ይፈልጋል።

ከወረዳዎቹ ባለሙያዎች ጋር በስልክ የምትገናኙ አባላት የጎደሉትን መድኃኒቶች ዝርዝር እስከ ሐሙስ ላኩልን።

የኅብረቱ ጸሐፊ