ድምፄ ሲዘጋ ስራውን ለቀጠላችሁ ሁሉ

ወገኖቼ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይሄን በፅሁፍ የምልክላችሁ አሁንም ብዙ እንዳላወራ ስለተከለከልኩ ነው እንጂ ቢፈቀድልኝማ አንድ በአንድ እየደወልኩ ነበር የማመሰግናችሁ።

ላልሰማችሁ፣ ድምፄ ለወራት ሲጎረንን ሲቆራረጥ ቆይቶ መጨረሻ ላይ የድምፅ አውታሬ ላይ ፖሊፕ (ትንሽ እብጠት) ተገኘና ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ስብከቱ፣ ኮንፈረንሱ፣ የጎዳና ስርጭቱ፣ ጉሮሮዬ እየተሰነጠቀ ውሃ ጎንጨት አድርጌ እቀጥላለሁ። ቀደም ብሎ አንድ ሀኪም እረፍ ሲለኝ "ወንጌል እረፍት የለውም" ብዬው ነበር፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለአንድ ሳምንት ትንፍሽ እንዳትል ተባልኩ፣ ማንሾካሾክም ቢሆን፣ እሱም ለካ አውታሩን ያደክመዋል። አንድ ወንድሜ በየጠዋቱ "ዘካርያስ እንዴት አደርክ?" እያለ ቴክስት ያደርግልኝ ነበር፣ እውነትም መልአኩን ባለማመኑ ድዳ እንደሆነው ካህኑ ዘካርያስ መፃፊያ ይዤ ነው የከረምኩት፣ እሱ ሰሌዳ እኔ ደብተር።

በመጀመሪያ ጌታ ይመስገን። ቀጥሎ ባለቤቴ፣ ስልኬን ስታነሺ፣ ሰው ስትመልሺ፣ የእጄን ምልክት ስትተረጉሚ ከረምሽ (አንዳንዴ ሆን ብለሽ አጣመሽ እንደተረጎምሽ አውቃለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ)። ሀኪሞቹና ነርሶቹም ተባረኩ። የፀለያችሁልኝ ሁሉ ጌታ ብድራታችሁን ይክፈል። "እግዚአብሔር ቀጥቶህ ነው" ብለህ የላክልኝም ሰው አንብቤዋለሁ፣ የታመመን ሰው እንዲህ ማለት ግን ጥሩ አይደለም ወንድሜ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በሶስተኛው ቀን አንድ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ባለፈው ዓመት ኮንፈረንስ ላይ ጌታን የተቀበለ ልጅ ነው፣ እውነቱን ልናገርና እኔ ጋ የነበረው ሪፖርት ላይ እንደ ቁጥር ብቻ ነው፣ ስሙን እንኳን ባለቤቴ ናት ያስታወሰችኝ። ዝም ብለን ስንተያይ ጨነቀውና መፅሐፍ ቅዱሱን አውጥቶ የሐዋርያት ሥራ 8ን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሰረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ወንጌላዊው ፊልጶስ ሮጦ የደረሰበትን ታሪክ አንብቦ ሲጨርስ ቆም አለና "ከተጠመቀ በኋላ ፊልጶስን አላየውም ይላል፣ ታዲያ ማን ያስተምረዋል?" ብሎ ጠየቀኝ። ድምፅ ቢኖረኝ ግማሽ ሰዓት እሰብክለት ነበር። ስለሌለኝ ደብተሬ ላይ "አንተስ ምን ይመስልሃል?" ብዬ ፃፍኩለት። ዝም አለ፣ ገፁን ወደ ኋላ ገለጠ፣ ወደ ፊት ገለጠ፣ ከዛ "መፅሐፉ እጁ ላይ አለ፣ አሁን ደግሞ ስለማን እንደሚያወራ ያውቃል" አለ። ስንት ዓመት ሳገለግል ያንን ጥያቄ ለአንድም አዲስ አማኝ አቅርቤ አላውቅም። ፊልጶስ እኮ ራሱ የጀመረው በጥያቄ ነው፣ "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ነው ያለው።

ከዛ ቀን በኋላ ማቴዎስ 28፥19-20ን ስንቴ እንዳነበብኩት አልነግራችሁም። እኔ ሁሌ "ሂዱ" የሚለው ላይ ነበር የምጮኸው። እስቲ በአማርኛው አንብቡት፣ "እያጠመቃችኋቸው"፣ "እያስተማራችኋቸው" እያለ ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው "ደቀ መዛሙርት አድርጓቸው" ላይ ነው፣ በግሪኩም ዋናው ትእዛዝ ያ ግስ ነው። ማስተማር የሚለውም ያዘዝኳችሁን "እንዲጠብቁ" ነው የሚለው እንጂ እንዲሰሙ ብቻ አይደለም። እኔ አሰማ ነበር።

ስለዚህ ትልቁ ምስጋናዬ ለእናንተ ነው፣ እኔ ሳልኖር የአዲስ አማኞችን ክትትል ተከፋፍላችሁ ለወሰዳችሁት። ሁሌ ከኋላ የምትቀመጪው እህቴ፣ ማይክ ይዘሽ አታውቂም፣ ግን ሶስት ሴቶችን በየሳምንቱ እየተገናኘሽ የማርቆስን ወንጌል አብረሽ ጨርሰሻል፣ ይሄን የሰማሁት ካንቺ ሳይሆን ከነሱ ነው። ጵርስቅላና አቂላ ሰባኪውን አጵሎስን ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ይበልጥ በትክክል ሲያስረዱት ማንም አላጨበጨበላቸውም፣ በኋላ ግን ጳውሎስ "እኔ ተከልሁ አጵሎስም አጠጣ" አለ። ለስራ ከተማ ቀይረሽ በቪዲዮ ኮል ጥናቱን የቀጠልሽውም፣ ከስራ ወጥተህ ደክሞህ የሐሙሱን ግሩፕ የመራኸውም ወንድሜ፣ ሁላችሁም ጌታ ዘመናችሁን ይባርክ። ባገለገልኩባቸው ዓመታት አጨብጭቤ ተቀብዬያችሁ ከዛ በኋላ ያልደወልኩላችሁ ደግሞ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ብዙ ናችሁ።

እስከሚቀጥለው ቀጠሮዬ ስልክ ባላነሳ አትቀየሙኝ፣ ቴክስት አድርጉ። ማይኩንም ገና አትስጡኝ። ሐሙስ ግን እመጣለሁ፣ የሚመራው ያው ሊጠይቀኝ የመጣው ልጅ ነው ተብያለሁ፣ ከኋላ እህቴ አጠገብ ቦታ ያዙልኝ፣ ደብተሬን ይዤ ነው የምመጣው።