ያለ አንባቢ ስለተሰጠኝ ፈተና የቀረበ ቅሬታ

የካቲት 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለኮሌጁ ዲን ጽ/ቤት
ደሴ

ጉዳዩ፦ የተሰጠኝ «ኤፍ» ተሰርዞ ድጋሚ እንድፈተን ስለመጠየቅ

ዓይነ ስውር የማኔጅመንት 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በመጋቢት 2012 ትምህርት በኮሮና ሲዘጋ እንደ ሌላው ተማሪ ሻንጣዬን ይዤ ወገልጤና ቤተሰቦቼ ጋ ገባሁ። መምህራን ሃንድአውቱን ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ይልኩልን ጀመር። ስልኬ የሚያነብልኝ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነበው ቶክባክ በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ፎቶ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ያኔ «ፎቶ» ብሎ ያልፈው ነበር። አርባ ገጽ፣ አርባ ጊዜ «ፎቶ»። 7ኛ ክፍል ያለች እህቴ ከብት አስገብታ ስትጨርስ በኩራዝ ፊደል በፊደል ትጠራልኛለች፤ «ኤስ፣ ቲ፣ አር፣ ኤ…» ስትል እኔ «ስትራቴጂ» ብዬ እገምታለሁ። በወርድ የተተየበውን ፋይል መላክ ይበቃ ነበር። ሬጅስትራር ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም «አብሽር፣ ይስተካከላል» ተባልኩ። የወሎ ልጅ አብሽር ሲሉት ያምናል፤ አመንኩ። ወርሃዊ ክፍያው ግን አንድም ወር አልቀረልኝም።

ይህንንም ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የጥር 19ኙን ፈተና ነው። ፈታኙ ጥያቄውን በድምፅ የሚያነብልኝን አንባቢዬን «ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራቅ አለበት» ብለው ከበር መለሱት። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ በጣቴ ስዳብሰው ቆየሁ። ስሜን እንኳ የጻፈልኝ ከኋላዬ የነበረ ልጅ ነው።

አንባቢ ለማንበብ እኔን መንካት የለበትም። ማስክ አድርገን፣ መስኮት ከፍተን፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ከሁለት እርምጃም በላይ ርቆ ጮክ ብሎ ቢያነብልኝ እሰማዋለሁ። በዕለቱ ከጎናችን ያለው ክፍል ባዶ ነበር።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አካል ጉዳተኛ ተማሪ የፈተና ሰዓት ጭማሪን ጨምሮ አስፈላጊና የሚቻል ድጋፍ እንዲያገኝ ይላል። «የሚቻል» በምትለዋ ቃል እንደምትከራከሩኝ እገምታለሁ፤ ባዶ ክፍል መክፈት ግን ከአቅም በላይ አይመስለኝም። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኛው የሚያስፈልገውንና ከአቅም በላይ ያልሆነውን ማስተካከያ፣ መንፈግ አድልዎ ነው ይላል።

ስለዚህ «ኤፉ» ተሰርዞ በአንባቢና በተጨማሪ ሰዓት እንድፈተን፣ የዚህ ሴሚስተር ሃንድአውትም ተተይቦ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። መልሱን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ እባካችሁ ፎቶ አንስታችሁ እንዳትልኩልኝ።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች