ሚኒማው አንድ፣ መሙ ብዙ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የዩኒቨርሲቲዎች የአትሌቲክስ ውድድር በተቃረበ ቁጥር ስለ ሚኒማው፣ ማለትም ለመሳተፍ መሟላት ስላለበት ሰዓት ወይም ርቀት፣ «ከበደ፣ አይ ቀለለ» ይባላል። ከዚያ በፊት ግን ሰዓቱ የትና በምን እንደተያዘ መጠየቅ ነበረበት።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የ1961 ዓ.ም. ኦሊምፒክ የተካሄደባት ሜክሲኮ ሲቲም 2,240 ሜትር ገደማ ነች። እዚያ ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር ብር ያገኘው በ29:28 ነው፤ የዓለም ክብረ ወሰን ግን ያኔም ከ27:40 በታች ነበር። ማሞ ደክሞ አይደለም፤ አየር ሲሳሳ ኦክስጅን ያንሳል። በዚያው ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ቦብ ቢሞን በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘለለ፤ ስስ አየር ለዘላይና ለአጭር ርቀት ሯጭ ያግዛልና። ስለዚህ ጎንደር 5,000 ሜትር የሮጠች ተማሪ ጋምቤላ ከሮጠችው ጋር በአንድ ቁጥር ስትመዘን ትበደላለች። በ200 ሜትር ግን ተጠቃሚዎቹ እኛ ጎንደሮች ነን፤ ይህን ስንናገር አንሰማም እንጂ። የአሜሪካ ኮሌጆች ማኅበር ኤንሲኤኤ ለከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዥ አለው፦ ከረጅም ርቀት ሰዓት ይቀንሳል፣ በአጭሩ ላይ ይጨምራል።

ከከፍታው የሚብሰው በእጅ የሚያዝ ሰዓት ነው። ሰዓት ያዡ የሽጉጡን ጭስ አይቶ እስኪጫን ይዘገያል፤ መጨረሻው ላይ ግን ሯጩን እያየ ስለሚጠብቀው አይዘገይም። ድምፁን ከጠበቀማ ጉድ ነው፤ ድምፅ 100 ሜትር ለመድረስ 0.3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ምክንያት የተያዘው ሰዓት ከእውነተኛው ያጥራል። በእጅ የተያዘ 10.83 ወደ 10.9 ይጠጋል እንጂ ወደ 10.8 አይወርድም። ከኤሌክትሮኒክ ሰዓት ጋር ሲወዳደርም በ100 እና በ200 ሜትር 0.24፣ በ400 ሜትር 0.14 ሰከንድ ይደመርበታል። ሚኒማው 11.00 ቢሆን፣ በእጅ 10.9 የተያዘለት ልጅ 11.14 ነውና አላሟላም። ሳይደመርበት ካለፈ ፎቶ ፊኒሽ (መጨረሻውን በካሜራ የሚይዝ ኤሌክትሮኒክ ሰዓት) ባለበት መም 11.02 የገባውን ቀድሞ ተመረጠ ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ያዢዎች ይቁሙ፤ ሦስቱም ከተለያዩ የመካከለኛው ይያዝ፣ ሁለት ብቻ ከተገኙ የዘገየው።

ነፋስስ? ከኋላ በሰከንድ ከ2.0 ሜትር በላይ ከነፈሰ የ100፣ የ200 ሜትር፣ የርዝመትና የሥሉስ ዝላይ ውጤት ለሚኒማ አይያዝ።

አዘጋጅ ኮሚቴው በየውጤት ወረቀቱ ላይ የመሙን ከፍታ፣ የሰዓት አያያዙንና የነፋሱን መጠን ያስጽፍ። የተሳታፊውን ቦታ በሙሉ ለሚኒማ ከመስጠትም ግማሹን በውድድሮች በተሰበሰበ ነጥብ ለሚወጣ ደረጃ ይተው፤ የዓለም አትሌቲክስ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጀምሮ ሁለቱን አጣምሮ ይሠራል። ሚኒማውም የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ይለጠፍ።

አንድ የአትሌቲክስ ዳኛ
ከጎንደር፣ አዘዞ