ዳር ላይ አትቀመጪ

ደሴ፣ ነሐሴ

አሰላሙ አለይኩም ልጄ፣

እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። የጦሳ ተራራ ጉም ከለበሰ ሳምንት ሆነው። እናትሽ ያጠበችው ልብስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ አድሮ አልደረቀም።

ስዕሎችሽን ወንድምሽ በስልኩ እያሰፋ አሳየኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። የአምስተርዳም ቤቶች ሁሉ ወደ መንገዱ አዘንብለዋል! የአናጢ ልጅ ሆና ቱንቢ አታውቅም እንዴ አልኩ። ከስር የጻፍሽውን ሲያነብልኝ ነው የገባኝ። ደረጃቸው ጠባብ ስለሆነ ዕቃ በውጭ በኩል በገመድ ይሳባል፤ ግድግዳው ያዘነበለው ሶፋው መስኮቱን እንዳይገጨው ነው። ብልሆች ናቸው። አንቺ ግን ጣሪያው ጫፍ ላይ መንጠቆው የተሰካበትን እንጨት አቅጥነሽዋል። እሱ እንኳን ሶፋ አንድ ኩንታል ጤፍም አይችል። ደግመሽ ሳዪው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ወንድምሽ ሳያስበው አመለጠው። ስትስዪ እግርሽን ወደ ቦዩ አንጠልጥለሽ ነው አሉ የምትቀመጪው። መደገፊያ በሌለው ዳር ላይ! ዋና የት ተማርሽ? ደሴ? ዳር ላይ አትቀመጪ።

የአምስተርዳም ቤተ መንግሥት በ13,659 የእንጨት ምሰሶ ላይ ቆሟል ያልሽውን ሳስብ አደርኩ። በፈረንጅ ከ1648 ጀምሮ የተተከለ እንጨት! ውሃ ውስጥ ሆኖ አየር ካላገኘው አይበሰብስም ማለትሽ ልክ ነው። የእኛም ባህር ዛፍ የሚበላው አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት ጋ ነው። አንቺ ግን እንጨት አይደለሽም። ከዳሩ ራቂ።

የአጎትሽን ነገር ታውቂያለሽ፤ ሁሉንም ግን አልነገርኩሽም። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ጣሪያ ስንሠራ መላጊያዬን ረስቼ መጣሁ። ያኔም ነሐሴ ነበር። ሮጥ ብለህ አምጣልኝ አልኩት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ሲመለስ ደራሽ ውሃ ወሰደው። ከታች ያሉ እረኞች በዱላ ጎትተው አወጡት። መላጊያውን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ይዞታል። እኔ ደርሼ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «ለምን አረጠብከው፣ ብረቱ ይዝግብኛል!» አብሽር እንኳን አላልኩትም። ይኸው ሸብተን፣ በየዒዱ አንድ ገበታ ላይ እየቀረብን፣ የመላጊያው ነገር ተነስቶ አያውቅም።

በርበሬውን ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው፣ ይነቅዝብሻል። የሱፍ ካልሲ ግዢ። ስዕልሽ ውስጥ መስኮቱ ላይ የተኛችውን ድመት እናትሽ ወዳታለች፤ «መጋረጃ ሳይኖር እንዴት ምሳ ይበላሉ?» ብላ ግን እስካሁን ትገረማለች።

አብሽሪ ልጄ። ድልድዩ ላይ ቆመሽ ሳዪ። ሳይክሎቹ የታሰሩበት ብረት አለ አይደል? እሱን ተደገፊ።

አባትሽ