ሻንጣሽን ከመሸከፍሽ በፊት

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2018

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ትንሽ አሞት ነበር፤ አሁን ተሽሎታል። ብርዱ ግን ገብቷል። ደጅ ያደረ ውኃ ጠዋት ላዩ በረዶ ይዞ ይገኛል።

ትናንት ማታ አከራይሽ «ኪራይ ጨምሪ፣ ካልሆነ ቤቱን ልቀቂ» እንዳሉሽ ስልክ ላይ እያለቀስሽ ስትነግሪኝ ብዙ አልተናገርኩም። ቃል አጣሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። በስልክ ብነግርሽ ግማሹን ትሰሚያለሽ፣ ግማሹን እንባሽ ይወስደዋል። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል።

«ይቅር እማዬ፣ እወጣላቸዋለሁ። ከትልቅ ሰው ጋር መካሰስ ነውር ነው» አልሽኝ። እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ ቃልሽ ናት። ይሉኝታን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝና።

ልጄ፣ አትውጪ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ለአንቺም ለወንድምሽም አውርቼ አላውቅም። ነሐሴ 1984 ነው። ወንድምሽ የአራት ወር ሕፃን ነበር። እዚሁ ደብረ ብርሃን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የሦስት ወር ኪራይ ቀድመን ከፍለናል። ወሩ እንኳ ሳይሞላ አከራያችን ጭማሪ ጠየቁ። አባትሽ «በተስማማነው ይሁን» አላቸው። በማግስቱ የግቢው ቧንቧ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። የሕፃን ጨርቅ ማጠቢያ ውኃ ከጎረቤት እለምን ጀመር። ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን ጋሪ ጠርተን ወጣን። ዝናቡ ጋሪው ላይ እያለን ወረደብን። የጥጥ ፍራሻችን ውኃ ጠጥቶ ለሁለት ሰው አልነሳ አለ። ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። ሕፃኑን ደረቴ ላይ አስተኝቼው ነው ያደረው።

የቀረውን የሁለት ወር ብር አልጠየቅንም። ወረቀት አልነበረን፤ ደረሰኝ አልነበረን። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ምን ይሉናል» አልን። አከራያችን ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኝ ነበር። እኔም አጎንብሼ ሰላም እላለሁ። ያ አጎንብሶ ሰላምታ እስካሁን ይቆጨኛል። ይኸው በአንቺ እንዳይደገም ነው የምጽፈው።

ከዚያ በኋላ ነው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የተቀጠርኩት። እዚያ መስኮት ላይ ስንቱን ተከራይና አከራይ አየሁ መሰለሽ። እውነቱን ይዞ ወረቀት የሌለው ሰው ዓይኑ ያሳዝናል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው በየቀኑ መስኮቴ ላይ ሲፈጸም አይቻለሁ። አንቺ ግን ወረቀት አለሽ፤ እኔ በዚያን ጊዜ ያላገኘሁት ይህን ነው።

እስኪ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። ጀሞ ያለውን ቤት የተከራየሽው ጥር 2017 ነው። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፣ ወረዳም ሄዳችሁ አስመዝግባችኋል። ስለዚህ እስከ ጥር 2019 ጊዜ አለሽ። መጋቢት 24 ቀን 2016 የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ኪራይ የሚጨመረውም አከራዩ ባሻው ቀን አይደለም። በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው። ይህን ሳነብ ያቺ የታሸገች ቧንቧ ትዝ አለችኝ። ያኔ ይህ ቢኖር አልኩ።

እና «15 ሺህ ክፈይ፣ ካልሆነ በ15 ቀን ልቀቂ፣ ከውጭ የምትመጣ እህት አለችኝ» ማለታቸው በቃል የተነገረ ፍላጎት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። እህታቸው እውነት ትመጣ ይሆናል። ግን በውሉ መሀል አንድን ሰው በ15 ቀን ከቤቱ አያስወጡትም። አከራይ ውል የሚያቋርጥባቸውን ምክንያቶች አዋጁ ዘርዝሯቸዋል። ጭማሪ አልቀበልም ማለት ከእነሱ ውስጥ የለም። ኪራይ አለመክፈል ግን አለ። ስለዚህ ብትናደጂም፣ ቢሰድቡሽም፣ ወር ሲሞላ ኪራይሽ አይደር። «አልቀበልም» ቢሉሽ እንኳ በዕለቱ ሂሳባቸው ውስጥ አስገቢና ማረጋገጫውን አስቀምጪ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ተቆጥቶ ኪራይ ያቆማል፤ በማግስቱ ጥፋተኛው እሱ ይሆናል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ትናንት ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ የነገርሽኝን ማለቴ ነው። ውሉ ላይ የተጻፈው 7 ሺህ ነው። የምትከፍይው ግን 10 ሺህ ነው። ሰባቱ በባንክ፣ ሦስቱ በእጅ። «ወረዳ ብሄድ እኔም እጠየቃለሁ» ብለሽ የፈራሽው ለዚህ ነው። ብዙ ቤት እንዲህ እንደሚደረግ አውቃለሁ። ግብር ለማሳነስ ነው። ቤት አጥተሽ ስትንከራተቺ፣ ደላላው «ሁሉም እንዲህ ነው» ሲልሽ ፈረምሽ። አልፈርድብሽም። ጥሩ ነገር ግን አልነበረም፤ ይህንም አልደብቅሽም።

እኔ የምመክርሽ እውነቱን እንድትናገሪ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 10 ሺውን በሙሉ በባንክ አስገቢ። 10 ሺህ እከፍላለሁ ብለሽ በአፍሽ ቃል ሰጥተሻል፣ ቃልሽን አታጥፊ። በእጅ ግን አንድ ብር እንዳትሰጪ። ወረዳ ብትሄጂም የጠየቁሽን እንዳለ ንገሪያቸው። ውሸት ይዘሽ መብት ልትጠይቂ ብትሄጂ መሀል ላይ አንደበትሽ ይያዛል። መስኮቴ ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ነገር የደበቀ ሰው ሁለተኛውን ሲጠየቅ ይንተባተባል፣ እውነት የሆነው ሁሉ ሐሰት ይመስልበታል።

ሴትዮዋን፣ አከራይሽን፣ ጠላት አታድርጊያቸው። ባል የሞተባቸው ናቸው ብለሽኛል። የኑሮ ውድነቱ እሳቸውንም ያንገበግባቸዋል። ዘይቱም ጤፉም ለአከራይ አይረክስም። ስለዚህ መጀመሪያ በሰላም አናግሪያቸው። ማታ ደክሟቸው ሳይሆን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሂጂ። ብቻሽን ግን አይደለም። የብሎካችሁን ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይም ፎቁ ላይ ያሉትን መምህር ይዘሽ ሂጂ። ሽማግሌ ባለበት ሰው ቃሉን ይመዝናል። ቡናቸውን ጠጪ። ከዚያ «እትዬ፣ ውላችን እስከ ጥር 2019 ነው፤ በሕጉ መሠረት የሚመጣ ጭማሪ ካለ አልከለክልም፤ 15 ሺህ ግን አልችልም» በያቸው። ድምፅሽን አታንሺ። ይቅርታም አትጠይቂ። አንቺ «ይቅርታ» ብለሽ ነው ንግግር የምትጀምሪው፤ እዚህ ጋ ተያት።

እምቢ ካሉ የተናገርሽውን በጽሑፍ አድርጊው። ረጅም አይሁን። እንዲህ በይ፦

«ጥር 2017 ዓ.ም. ባደረግነው የሁለት ዓመት የኪራይ ውል መሠረት ኪራዬን በየወሩ እየከፈልኩ እገኛለሁ። በዚህ ወር በቃል የጠየቁኝን ጭማሪና ቤቱን በ15 ቀን እንድለቅ ያቀረቡልኝን ጥያቄ ውላችን ስለማይፈቅድ የማልቀበል መሆኑን እገልጻለሁ። ውላችን እስኪያልቅ በሰላም ለመኖር ዝግጁ ነኝ።»

በሁለት ኮፒ ይሁን። ቀን ጻፊበት፣ ፈርሚበት። አንዱን ስጫቸው፣ በሌላው ላይ መቀበላቸውን ይፈርሙልሽ። ካልፈረሙ አብሮሽ የሄደው ሰው በምስክርነት ይፈርም፣ ወይም በሪኮማንዴ፣ ማለትም ፖስታ ቤቱ መዝግቦ ደረሰኝ በሚሰጥበት ደብዳቤ፣ ላኪላቸው። ከዚያ ይህንኑ ከውሉ ኮፒ ጋር ይዘሽ ውሉን ያስመዘገባችሁበት የወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሂጂ። አቤቱታሽን በጽሑፍ አስገቢ። ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ሳትይዢ ከመስኮቱ አትነሺ። «ነገ ተመለሺ» ቢሉሽ ነገ ተመለሺ። መዝገብ ቤት ስሠራ ያየሁት ይህን ነው፤ ጉዳዩ የሚያልቅለት ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው።

አንድ ነገር ያስፈራኛል። ከሥራ ስትመጪ ቁልፉ ተቀይሮ ብታገኚስ? ወይ መብራቱን ቢያጠፉብሽስ? ያን ጊዜ በር እንዳትገፊ፣ እንዳትሰብሪ። ፎቶ አንሺ፣ ጎረቤት ጥሪ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ አስመዝግቢ። ባለቤት የሆነ ሰው ቤቱ የእሱ ስለሆነ ብቻ ተከራይን በጉልበት አያወጣም። ማስወጣት ቢፈልግ በፍርድ ቤት ነው። አንቺም «ሁከት ይወገድልኝ» ብለሽ መክሰስ ትችያለሽ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 ላይ ያለ ነው። እኛ ቧንቧ ሲቆለፍብን በዚያን ጊዜም ነበረ። የነገረን አልነበረም።

ዛሬ ማታ ሌላ ነገር አትሥሪ፣ ቤቱን ብቻ ፎቶ አንሺ። ግድግዳውን፣ የወጥ ቤቱን ሲንክ፣ ስትገቢም ተሰንጥቆ የነበረውን የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ፣ የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር። ነገር ሲከር «ይህን ሰበርሽ» የሚል ይመጣል። የባንክ ማረጋገጫዎችሽን ከጥር ጀምረሽ አሳትሚያቸው። ስልክ ይጠፋል።

ቅዳሜ በሌሊት ተነስቼ እመጣለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ላምበረት መናኸሪያ እደርሳለሁና መጥተሽ ተቀበይኝ። በሶና ትንሽ ቅቤ ይዤልሻለሁ። እሑድ ሴትዮዋ ጋ አብረን እንገባለን። እኔ ብዙ አልናገርም፤ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። የምትናገሪው አንቺ ነሽ።

እስከዚያ አንድ ካርቶን እንኳ እንዳታስሪ። ፍራሽሽም ከቦታው አይነሳ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

የምትወድሽ እናትሽ