አባዬ፣ ለሽማግሌዎቹ መልስ ከመስጠትዎ በፊት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ወንድሜ ጋሼ ባለፈው ሲደውል ቀኝ ዓይንዎ ጨርሶ ማየት እንደተወ፣ ግራውም እየደበዘዘ እንደሆነ ነገረኝ። ሐኪሙ ሞራ ነው ካለ እኮ በቀዶ ጥገና ይነሣል። ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ። «ከእንግዲህ ምን ሊሠራልኝ» ማለትዎን ሰማሁ። እባክዎ እንዲህ አይበሉ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ጋሼ ባሕር ዳር ይውሰድዎ፤ ገንዘቡን ልኬለታለሁ። የደም ግፊቱንም ኪኒን «ተሽሎኛል» ብለው እንዳያቋርጡ።

ልጆቹ ደኅና ናቸው። ትልቁ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው፤ መጽሐፍ ላይ እንደተደፋ ነው የሚያድረው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ «ለአያቴ ንገሪልኝ» ብላኛለች። ቁመቷ ቁርጥ እማዬን ነው፣ ነፍሷን ይማርና። ባለቤቴም ሰላም ይልዎታል። የቤት ኪራይ ጨምረውብናል፤ ቢሆንም እንደምንም ይዘነዋል።

ዋናውን ነገር መጀመር ከብዶኝ ነው እንዲህ የማወራዎት። ደብዳቤውን የምታነብልዎ የጋሼ ልጅ ሚጣ እንደሆነች አውቃለሁ። ሚጣዬ፣ የሚቀጥለው ስለ አንቺ ነው። አንድም መስመር ሳትዘይ አንብቢላቸው።

አባዬ፣ ሽማግሌ መላኩን ሰምቻለሁ። ሰዎቹ ጨዋ እንደሆኑ፣ ብዙ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ እንደተከሉ፣ ከከሰሉም ጥሩ ገንዘብ እንደሚያገኙ ሰምቻለሁ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ልጅቷ ቤት ውላ ማደሯም ያሳስብዎታል። ሴት ልጅ ቤቱ ያለች ሰው በዚህ ዘመን እንቅልፍ እንደማይወስደው አውቃለሁ። ግን ገና 16 ዓመቷ ነው። ሕጉ 18 ነው የሚለው። እኔ ልጅ ሳለሁ ሕጉ ራሱ ለሴት 15 ይበቃል ይል ነበር። ሽማግሌ ሲመጣብኝ ሕግ ጠቅሶ የሚከራከርልኝ አልነበረም። እማዬ ናት ዶሮዎቿን ሸጣ ወደ አክስቴ ያሸሸችኝ። ያንን እርስዎም ያውቁታል፤ አውርተነው ግን አናውቅም።

እኔን የሚያመኝ ግን ሽማግሌው አይደለም። ከሱ በፊት የሆነው ነው።

የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት የመጣ ዕለት ማታውን ያስታውሱታል? ኩራዙን አስጠግተው የክፍል ካርዴን በጣትዎ እየተከተሉ አነበቡ። በመሠረተ ትምህርት ትልቅ ሰው ሆነው የተማሯትን ፊደል። እኔ ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። ጋሼ ከመካከል ነበር፤ እሱም ከብት ሲጠብቅ ኖሮ ዘግይቶ ስለገባ ነው ከእኔ እኩል የተማረው። ሁለታችንም አልፈን ነበር። «ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። ቀጥለውም «ስንቅ ለሁለት አይበቃም» አሉ። ዳንግላ ቤት ተከራይቶ የተማረው ጋሼ ሆነ፤ እኔ በየሳምንቱ ስንቁን ጋጋሪ ሆንኩ።

ይህንን እንኳ እረዳዋለሁ። ድህነት ነበር። ጠለፋም ነበር፤ የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የማልረሳው በኋላ ለእንግዳ ያሉትን ነው። «እሷ እንኳ ትምህርቱ አልሆነላትም» አሉ። ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። እንዴት አልሆነላትም አባዬ? ካርዱን ያነበቡት እርስዎ ነዎት።

አንደኛ ክፍል ስገባ አማርኛ አልችልም ነበር። ቤታችን የሚወራው አገውኛ፣ መምህሩ የሚያስተምረው በአማርኛ። ሲጠይቀኝ ዝም ስል ኋላ አስቀመጠኝ። «ይቺ ልጅ ጭንቅላት የላትም» ብሎ ለጎረቤት መምህር ሲነግር ምን እንዳለ እንኳ አልገባኝም። ማታ ማታ ከእርሻ ደክመው ገብተው አማርኛውን ያስለመዱኝ እርስዎ ነዎት። የእርስዎም የመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ በአማርኛ ነበር፤ ዘመቻው ከያዛቸው 15 ቋንቋዎች ውስጥ አገውኛ አልነበረበትም። ስለዚህ መከራውን ያውቁታል። ለዚያ ውለታዎ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሚጣ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአገውኛ ስለተማረች ኋላ ያስቀመጣት የለም። ሒሳቧን አይቼዋለሁ፤ ከእኔ ትበልጣለች።

አሁን እኔም አስተማሪ ነኝ። ያንን «ጭንቅላት የላትም» የሚል ቃል መምህራን ክፍል ውስጥ በየቀኑ እሰማዋለሁ። የማታ ተማሪዎቼ ብዙዎቹ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደቡብ የመጡ። ከማለዳ ጀምረው ሲያጥቡ ሲጠርጉ ውለው ይመጣሉ። አንዷ እጇ በበረኪና ተላልጦ እስክሪብቶ መያዝ ያቅታታል። ዴስኩ ላይ ስታንቀላፋ «ሰነፍ» ይሏታል። አሠሪዋ ደግሞ ለምን አመሸሽ ትላታለች። እኔ በእሷ ውስጥ ራሴን አያለሁ።

የቀኖቹም እንደዚያው ነው። በ2012 አዲስ አበባ ውስጥ የተማሪዎች ምገባ ሲጀመር የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ተደፍቶ የሚውለው ልጅ ቁርስ በልቶ ሲገባ እጁን ማውጣት ጀመረ። ስንፍና ያልነው ረሃብ ነበር። የባለ ገንዘብ ልጅ እንግሊዝኛውን ከመዋዕለ ሕፃናት ይጀምራል፤ አስጠኚ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። የገጠሩ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ትምህርት ድንገት እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ከዚያ ሁለቱን በአንድ ወረቀት እንፈትናቸዋለን። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። አባዬ፣ ያ ሁሉ አገር አንድ ጎበዝ ልጅ አጥቶ ነው?

ጋሼስ ቢሆን? ስንቁ እየተላከለትም ከ10ኛ ክፍል ተመለሰ። «ወንድ ነህ፣ ቤቱን አንተ ነህ የምታቆመው» እየተባለ፣ አእምሮው እርሻው ላይ እንደቀረ ነው የተማረው። አልፈርድበትም። ልጁን ለመዳር መቸኮሉን ግን እቃወማለሁ፤ ለእሱም ነግሬዋለሁ። ከተቆጣኝ ይቆጣ።

ልጅቷ ከ2016 ጀምሮ የ9ኛ ክፍልን ደጃፍ አልረገጠችም። ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም። ከተዳረች ግን የዛሬ ዐሥር ዓመት «ትምህርቱ አልሆነላትም» ነው የሚባለው። ያንን ቃል እርስዎ አፍ ላይ ድጋሚ መስማት አልችልም።

እኔ ጋ ትምጣ። ከትንሿ ልጄ ጋር አንድ ክፍል ታድራለች፤ በማለዳ የሚቀሰቅሳት እኔ ነኝ፤ እንጀራውን ግን አትጋግርም። ለሽማግሌዎቹ «አክስቷ ወስዳታለች» ይበሏቸው፤ ይቀየሙ ከሆነም በእኔ ይቀየሙ። ጋሼ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷን ይፈልግ፤ መሸኛዋንም ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅልኝ። ኦሪጅናሉን ለሰው እንዳይሰጥ፣ እሷው ይዛው ትምጣ። የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ወደዚህ ይመጣል፤ አብራው ብትሳፈር ደስ ይለኛል። የሚሳፈሩበትን ቀን ቀድመው ያሳውቁኝ፤ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላታለሁ።

ልጅዎ