ለእማዬ፦ ሕማማቱም ፋሲካውም ዘንድሮ ከቤት

ደሴ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2012 ዓ.ም

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህ ወረቀት እህል ሊጭን ወደ ሐይቅ በሚወርደው አይሱዙ ከዕቃው ጋር ይደርስሻል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት የዋለው የጎረቤታችን ልጅ ያንብብልሽ። ግን ከደጃፉ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንጂ መደቡ ላይ አጠገብሽ ተቀምጦ አይሁን።

በስልክ «ሕማማትን ቤት የዋለ ሰው ምኑን ጾመ?» ብለሽኛል። አብሽሪ። ከዓመቱ ሳምንታት ሁሉ ቤት ሆኖ ለመያዝ የሚመቸው ይኼው ሳምንት ነው። ሥርዓቱ በሰዓት የተሰፈረ ስለሆነ ሰዓቱን የያዘ ሥርዓቱን ይዟል። ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ መስቀል መሳለም የለም፣ ተሳስሞ ሰላም መባባልም የለም። የይሁዳን መሳም እያሰብን አንገታችንን ደፍተን ነው የምንተላለፈው። የኮሮና በሽታ መጋቢት 4 አገራችን መግባቱ ከተነገረ ወዲህ ሐኪሞች የሚለምኑን ይህንኑ አይደል? እኔን የሚያሳስበኝ ሕማማቱ ሳይሆን የቅዳሜ ሌሊቱና ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ነገ ሆሣዕና ነው። የሚወስድሽ ዘንባባው ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉት ነገ አስቀድሞ ይደረጋል፣ አንቺም እዚያ መቆም ትፈልጊያለሽ። ፍትሐቱ ግን ለሁሉም ነው፣ የመጣና የቀረ አይለይም። ቅዱስ ሲኖዶስ ጥቂት አገልጋዮች ገብተው እንዲቀድሱ፣ ምእመኑ በየቤቱ እንዲጸልይ የወሰነው አገልግሎቱ እንዳይታጎል ነው። ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ 5 ልዑካን ካሉ ይቀደሳል። «ከቅጥሩ ዛፍ ሥር ብቀመጥስ?» እንዳትይ። ከዚያ ዛፍ ሥር ብቻሽን ተቀምጠሽ አታውቂም። ዘንባባውን ልጁ ያምጣልሽና ቀለበቱን ራስሽ ሥሪው፤ እጅሽ ያውቀዋል።

ከሰኞ ሚያዝያ 5 ጀምሮ ጸሎቱ በ1፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ነው። የሳምንቱ ንባብ የተጻፈበት መጽሐፍ፣ ግብረ ሕማማቱ፣ ቤት ስለሌለ ልጁ ከወንጌል ያንብብ፦ ሰኞ ማቴዎስ 26 እና 27፣ ማክሰኞ ማርቆስ 14 እና 15፣ ረቡዕ ሉቃስ 22 እና 23፣ ሐሙስ ዮሐንስ 18 እና 19። ዓርብ ዮሐንስን ይድገመው። በየሰዓቱ ሁሉን እንዳይደርብ ቆራርጦ ያካፍለው፤ አንድ ምዕራፍ በአንድ ጊዜ ካነበበ በ9 ሰዓት የሚነበብ ይጠፋና እሱም ይሰለቻል። ከንባቡ ቀጥሎ «ለከ ኃይል» 12 ጊዜ፣ ከዚያ «ኪርያላይሶን» 41 ጊዜ። እሱን በመቁጠሪያሽ ቁጠሪ።

ስግደቱ ላይ ነው የምንጣላው። ግንባር መሬት የሚነካበት አለ፣ ጉልበት የሚንበረከክበት አስተብርኮ አለ፣ ራስ ዝቅ የሚደረግበት አድንኖ አለ። ሦስቱም በቤተ ክርስቲያን የታወቁ ናቸው፤ አድንኖ ለሰነፍ የተበጀ እንዳይመስልሽ። አንቺ የግፊት ክኒን ትወስጃለሽ። ያ ክኒን ሰው ከመሬት ሲነሣ ደም ቶሎ ወደ ራስ እንዳይደርስ ስለሚያደርግ ዓይን ይጨልማል፤ ሽማግሌና ባልቴት በሕማማት የሚወድቁት ሲወርዱ ሳይሆን ሲነሡ ነው። ስለዚህ በጠዋቱ ሰዓት 12 ያህሉን ተንበርክከሽ፣ የቀረውን በአድንኖ። ከፊትሽ ከባዱን ዱካ አስቀምጪና ስትነሺ ተደገፊው፤ በርጩማው ይንሸራተታል። ከጉልበትሽ ሥር አጎዛውን ሁለት አጥፈሽ አድርጊ። የዓርብ ማታው በአራቱ ማዕዘን የሚደርሰው ኪርያላይሶን ተቀምጠሽ በመቁጠሪያ ይሁን፤ እዚህ ላይ አልከራከርሽም።

በጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑን አታስቀሪ፣ ግን ለአንድ ቤት ብቻ አብስይ። አንድ ጣሳ ስንዴና ግማሽ ጣሳ የባቄላ ክክ ይበቃል። ሁለቱንም ማታውን ለየብቻ ዘፍዝፊ። ስንዴው ቀድሞ ይጣድ፣ ክኩ ስንዴው መፈንዳት ሲጀምር ይግባ፤ አንድ ላይ ከገቡ ክኩ ገንፎ ሆኖ ስንዴው ጥሬ ይቀራል። ይህን ከአንቺው ነው የተማርኩት። ጨው የሚበዛበት የጌታን ጥማት ለማሰብ መሆኑን አልረሳሁም፤ ለአንቺ ግን በሦስት ጣት የተቆነጠረ ብቻ። ግፊት ያለበት ሰው ጨዋማ ጉልባን በልቶ ወዲያው እስከ ፋሲካ እህል ውኃ የማይቀመስበትን አክፍሎት ሲይዝ ውኃ አይጠጣ፣ ጨው አይወጣለት፣ ግፊቱ ይወጣል። እግር ማጠቡን ልጁ በጆግ ከላይ እያፈሰሰልሽ አንቺው እጠቢ።

አክፍሎቱን በተመለከተ ለነፍስ አባትሽ ደውዪላቸውና ሁለት ነገር ንገሪያቸው፦ የግፊት ክኒን በየቀኑ እንደምትወስጂ፣ አንደኛው ክኒን ደግሞ ሽንት የሚያበዛ እንደሆነ። ያለ ውኃ ሽንት የሚያበዛ ክኒን መዋጥ ሰውነትን ያደርቃል፤ ክኒኑን ማቆም ደግሞ ግፊቱን ያነሣዋል። ሁለቱም መንገድ ገደል ነው። ስንት ሰዓት እንደምትይዢ እሳቸው ይወስኑ፣ የወሰኑት ላይ ግን በራስሽ አትጨምሪበት። የዓርቡም ካህኑ በወይራ ቅጠል የሚጠበጥቡት ጥብጠባ ዘንድሮ ይቀራል፤ የንስሐ ስግደቱን ቁጥር በዚያው ስልክ ጠይቂያቸው።

ቀዳም ሹር ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» ብለው ከመጡ ቄጤማውን ከአጥሩ ላይ በሰቀልሽው ቅርጫት ይጣሉልሽ፣ አንቺም የምትሰጪውን እዚያው አስቀምጪ። ከግንባርሽ ራስሽ እሰሪው፣ ማንም አይሰርልሽ።

አሁን ወደ ፈራሁት ደረስን። ከሰኞ ጀምሮ የታገተው ሰላምታ በአንድ ሌሊት ይለቀቃል። አምስት ቀን ያልተሳሳሙ ሰዎች ሦስት ሦስት ጊዜ ሊሳሳሙ ይመጣሉ፤ ቄሱም መስቀሉን ያቀርባሉ፣ መቶ ከንፈር አንድ እንጨት ይነካል። ይህ በሽታ ሳይሳል፣ ሳያተኩስ፣ ገና ሳይታወቅበት ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ ከተያዘ በኋላ እስከ 14 ቀን ድረስ ላይታይ ይችላል። ሽማግሌውንና ግፊት ያለበትን ነው አጥብቆ የሚይዘው። ደግነቱ የፋሲካ ሰላምታ መነካካት አይፈልግም፣ ጥሪና መልስ ነው። አንቺ ከደጃፍሽ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» በይ፣ ማዶ ያለችው «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ትበል። «አሰሮ ለሰይጣን» ስትይ «አግዐዞ ለአዳም» ትላለች፣ እስከ «ፍሥሐ ወሰላም» ድረስ። ከአጥር አጥር ሲባል እንዲያውም ድምፁ ያምራል። ርቀቱ አራት ክንድ ይሁን።

እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ተኚ፣ ያኔ ልጁ ይቀስቅስሽ። ስትፈስኪ መጀመሪያ ተልባ ነው። የላክሁልሽን ተልባ በስሱ ቁዪው፤ መንጣጣት ሲጀምር አውጪው፣ ከዚያ ካለፈ ይመራል። ከተወቀጠው አንድ ስኒ በአምስት ስኒ ለብ ያለ ውኃ በጥብጪ፣ አጥልይው፣ ከማር ጋር ቀስ ብለሽ ጠጪ። ተልባ ሆድ ውስጥ ስለሚያብጥ በላዩ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጨምሪበት፤ ክኒንሽንም ከእሱ ጋር አትዋጪ፣ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ዶሮው እስኪነጋ ይቆይ። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ቅባት ያልነካ ሆድ በሌሊት በቅቤ የራሰ ዶሮ ሲጫንበት ያስመልሳል፣ የሐሞት ጠጠር ያለበትን ደግሞ ይቆርጠዋል። ጠዋት አንድ እንቁላልና ጥቂት መረቅ በእንጀራ፣ ከዚያ ከቀትር በኋላ ብልቱ። ዶሮ ወጥ ላስተምርሽ አይደለም፤ መቼ እንደሚበላ ብቻ ነው የምልሽ።

ቅርጫው ላይ ዘንድሮ ድርሻሽን ላኪና አትሂጂ። ለመሳተፍ ገንዘቡ ይበቃል። አርደው የሚመድቡት ሦስት ሰዎች ይሁኑ፣ ዕጣው በስም ተጠርቶ ይውጣ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው የራሱን ሳፋ ይዞ በተራ ይምጣ። ከመንግሥት በኩል መጋቢት 30 በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ ሁሉም መደብ ዙሪያ ቆሞ «ይቺ ወፍራም ናት፣ ያቺ አጥንት በዛባት» የሚለው ጨዋታ ለከርሞ ይተላለፍ።

ስለ ቡናው ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ሰው የማያየው ነገር አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲጠጣ ስኒዎቹ የሚታጠቡት በአንድ ጎድጓዳ ሳህን በቀረበ ውኃ ነው። በረካው ላይ ያ ውኃ ቡናማ ሆኗል፣ የአሥር ሰው አፍ ነክቶታል፣ ስኒው ግን ተለቅልቆ «ንጹሕ ነው» ይባላል። ስለዚህ ለራስሽ አንድ ስኒ ለዪ፣ ሌላ እጅ አይንካው። የግድ ሰው ከመጣ ደጅ ይቀመጥ፣ ስኒዎቹ በሳሙና ታጥበው በፈላ ውኃ ይለቅለቁ፣ ውኃውም በየዙሩ ይደፋ። ጎረቤታችን ሐጂና ቤተሰቡ ለእንኳን አደረሰሽ መምጣታቸው አይቀርም። ዳቦውን ሳይቆረስ በጨርቅ ጠቅልለሽ ላኪላቸው፣ ቆሎም ጨምሪ። ጨረቃ ከታየች ረመዳናቸው ፋሲካ ባለፈ በሳምንት ውስጥ ነው፤ ያኔም ለአፍጥር ሲጠሩሽ እንዲህ ባለ መንገድ ነው የምትመልሺው። እነሱም መስጊዳቸውን ትተው ቤት ሊሰግዱ ነው፣ ስለዚህ አይቀየሙሽም።

አሁን ዕቃው። በረኪናው ባለ 5 ከመቶ ነው። ባዶዋ የሽሮፕ ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር ትይዛለች፤ አንዷን ሙሉ በረኪና በ5 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨምሪ። የበሩን እጀታ፣ የመጸዳጃውን በር፣ ስልክሽን በነከርሽበት ጨርቅ ጨምቀሽ ጥረጊ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ። ማታውን የተረፈውን ድፊው፣ በነጋታው ኃይል የለውም። በፈላ ውኃ አትበጥብጪው፣ ከሌላ የጽዳት መድኃኒትም ጋር አትቀላቅይው፣ ጢሱ ሳንባ ያቃጥላል። እጅሽን በእሱ አትታጠቢ። በጠላ ወይም በአረቄ ጠርሙስ ፈጽሞ እንዳትገለብጪው። አረቄውም እጅ ለመታጠቢያ አይሆንም፤ የቤቱ አረቄ የሚያስፈልገውን ያህል፣ ከ60 በመቶ በላይ፣ አልኮል የለውም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርቱን ብትወጂ ብዪ፤ በሽታውን ግን አይከለክልም።

ለእጅ ሳሙናው ይበቃል። ሌላኛዋን ጀሪካን ከታች፣ ከመቀመጫዋ አንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ በጋለ ሚስማር ልጁ ይብሳትና ከአጥሩ ይስቀላት። ክዳኗ ሲጠብቅ አየር ስለማይገባ ውኃው ይቆማል፣ ሲላላ ይወርዳል። ቀዳዳው ከሚስማር ከሰፋ ግን ያንጠባጥባልና ቀጭን ሚስማር ይጠቀም። ሳሙናውን አሻሽተሽ «አቡነ ዘበሰማያት»ን በቀስታ አንዴ እስከ መጨረሻው በይ፤ 20 ሰከንዱ በዚያ ይሞላል። የምትወጪ ከሆነ ነጠላሽን አራት አጥፈሽ ከአፍንጫሽ በላይ አስሪ፣ ስትመለሺ በሳሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ካተኮሰሽ፣ ደረቅ ሳል ከያዘሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ማንንም ሳትጠሪ መጀመሪያ 8335 ይደወል፣ ነፃ ነው፣ ቀጥሎ ለእኔ።

በከረጢቱ ውስጥ ሳሙና 4፣ በረኪና አንድ ሊትር፣ ተልባ አንድ ኪሎ፣ የ30 ቀን ክኒን አለ። ሹፌሩ ሲያወርድ ከበሩ ውጭ ያስቀምጠው፣ ሂሳቡን ከፍዬዋለሁ፣ ቡና ልጋብዝህ ብለሽ አታስገቢው። ክኒኑን ቆጥሪና በስልክ ንገሪኝ፣ 60 መሆን አለበት፣ ጠዋት ሁለት ሁለት።

ልጅሽ